መሰላሉን ማን አወጣው?

ሬሳው ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ መሰላሉ ግን እላይ።

የገመድ መሰላል ነው፤ መርገጫው እንጨት። በወጉ ተጠቅልሎ አፋፉ ላይ ከተተከለው ግንድ ጋር ታስሯል። አምስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች ጋሽ መሮ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባውን ዓመት ያንኑ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ስለኖሩ፣ ሰፈሩ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ በመሮአቸው ይጠራቸዋል።

«አዳልጧቸው ወድቀው ይሆናል» አለችኝ ሳጅኗ።

«ይሁን። መሰላሉንስ ማን ጠቀለለው?»

ያደገችው ከተማ ነው። በዚያ ሸለቆ ከጉድጓድ መጨረሻ የሚወጣ ሰው መሰላሉን ስቦ ያወጣል። ሕፃን እንዳይወርድበት፣ ሌባ እንዳይገባበት። ማንም አያዝህም፣ ማንም አያስታውስህም፤ ከቤት ስትወጣ በር እንደመዝጋት እጅ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። እንግዲህ መሰላሉ እላይ ከሆነ፣ ከጋሽ መሮ በኋላ የወጣ ሰው አለ። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያሻም፤ የቆፋሪ ልጅ መሆን ይበቃል። እኔ ሁለቱንም ነኝ።

ሬሳውን አይቶ የደወለልን ሸለቆውን የሚፈልገው የማዕድን ኩባንያ ቀያሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ። ሸለቆው ቀኑን ሙሉ ጭር ብሎ ውሏል። በማዕድን ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ስለ አሮጌው የይዞታ ሕግ ስብሰባ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ መዶሻውን ጥሎ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበር።

የጋሽ መሮ ልጅ ከአዳራሹ እየሮጠች መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሃያውን ዓመት ከአባቷ ጎን ቆማ ድንጋይ ስትፈልጥ ስለኖረች ክንዷ ጠንካራ ነው። መጀመሪያ ወደ ታች ታያለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው መሰላሉን ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉድጓዱ አይታ የጮኸችው። ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

እኔው ራሴ ወረድኩ። ጀርባዬ ቢያመኝም ጉድጓድ መውረድን ለሌላ ሰው ማዘዝ አይሆንልኝም። የሽማግሌው የራስ ቅል ኋላው ተፈንክቷል። መዶሻው በቀኛቸው፣ መሮው በግራቸው ወድቋል። ግድግዳው ላይ የእግር ማሳረፊያ ጉድባዎች አየሁ። የድሮ ቆፋሪዎች መሰላል ሳይኖር እንደዚያ እየቆረጡ ይወጡ ስለነበር ከቁም ነገር ሳልቆጥራቸው አለፍኩ። ዓይኔን የሳበው እግራቸው ነው። ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ካልሲ ግን የለም። ቱታቸውን ገለጥ ሳደርግ ደግሞ ከሥሩ የመኝታ ልብስ ለብሰዋል።

አርባ ዓመት የቆፈረ ሰው ያለ ካልሲ ቦት ጫማ አያጠልቅም። ሌላ ሰው ነው ያለበሳቸው።

*

ቤታቸው ከጉድጓዱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮቱ ላይ የአሮጌ ጋዜጣ መጋረጃ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የትራሱን ልብስ ያለሰልሱ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎ በስንት ሰዓት ወጡ?»

«እንደ ወትሮው ነው፣ ልጄ። ሊነጋጋ ሲል።» ይህን ሲሉ ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«ታመው ነበር ይባላል።»

«ስኳር አለበት። ሰሞኑን ደግሞ ደከም ብሎ ነበር። ትናንት ማታ መርፌውን ከወጋሁት በኋላ እህል አልቀምስ አለኝ። እሺም አላለኝ።»

«እና ጠዋት በእግራቸው ሄዱ?»

ልጅቱ ከበሩ አጠገብ ጣልቃ ገባች። «ሄደ አሉህ እኮ! አባቴ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።»

ዓይኔን አልጋው ሥር ጣልኩ። የሱፍ ካልሲ፣ ተረከዙ ላይ የተጣፈ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እሷም አየችኝ። ካልሲውን አንስቼ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

*

የቀያሹን መኪና ስንፈትሽ ከኋላ አራት አዳዲስ ችካሎች አገኘን። ጫፋቸው ተሹሏል፣ የኩባንያው ቀለም ተቀብቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ችካል ነው።»

«እሱንማ ዕውር አይደለሁም። የማን መሬት ላይ ልትተክለው?»

ቀያሹ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ሸሚዙ ከእነ ጨዋነቱ አናደደኝ። «ሽማግሌው መታመማቸውን ሰምተናል» አለ። «ኢንስፔክተር፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

እውነቱን ነው። ሳጅኗ ግራ ገብቷት ታየኝ ስለነበር መኪናው ላይ ተደግፌ አስረዳኋት። በአሮጌው ሕግ አራት ችካል ተክሎ በገዛ እጁ የሚቆፍር ሰው ባለይዞታ ነው። ሥራ ላይ እያለ ከሞተ፣ ይዞታው አብሮት ለሚሠራ ልጁ ያልፋል። አልጋው ላይ፣ መንገድ ላይ ወይም ሆስፒታል ከሞተ ግን መሬቱ በዚያው ቀን ክፍት ይሆናል፤ ቀድሞ አራት ችካል የተከለ ይወስደዋል። ሲወጣ ለደግ ነበር አሉ። የከተማ ሰው መሬት ይዞ ሳይሠራበት ጦም እንዳያሳድር።

«አልጋው ላይ የሞተውስ ልጅ የለውም?» አለች ሳጅኗ።

«አባቴን ሆስፒታል ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይድናል ብዬ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ሞተ። ቀብረነው ስንመለስ ጉድጓዳችን ላይ የሌላ ሰው ችካል ቆሞ አገኘን። ወንድሜ እስካሁን ሰላም አይለኝም።»

ሳጅኗ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ቀያሹ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ለዚህ እኮ ነው ይሻሻል የምንለው። በአዲሱ ረቂቅ ሰው ይዞታውን ያወርሳል፣ ይሸጣል።»

«ለእናንተ ይሸጣል።»

«ከፈለገ።»

«አንተስ ዛሬ ሊነጋ ሲል የት ነበርክ?»

አልዋሸኝም። መኪናው ውስጥ፣ ከሸለቆው አፍ ላይ ሆኖ የሽማግሌውን መርዶ ሲጠብቅ ነው ያነጋው። ጉም ስለነበር ያየው ነገር የለም። የሰማው ግን አለ፤ «ቀስ! ቀስ!» የሚል ድምፅ።

«የማን ድምፅ?»

«የሹክሹክታ ነዋ። ያንን ድምፅ የማያውቅ አለ?»

*

ሹክሹክታ ያሏቸው ለሹፈት ነው። ሰውየው ሲያወሩ ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ይሰማል። የጋሽ መሮ ጎረቤት ናቸው፤ ይዞታቸው ይዋሰናል። አንድ ችካል አንድ ክንድ ወደዚህ ነው ወደዚያ ነው ተባብለው ሃያ ዓመት ተኳርፈዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ሰልችቶት ትቷቸዋል። ገዳይ ፈልጉ ብትባል መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። እኔም እንዲያው አደረግሁ።

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ንጋት ላይ!»

«ወደ ቀኜ ዙርና ንገረኝ። ግራውን ድማሚት ወስዶታል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው።» ዞርኩላቸው። «እ! ንጋት ላይ? ቤቴ ነበርኩ። ከዚያ ስብሰባ ሄድኩ።»

«ከጋሽ መሮ ጋር የተጣላችሁት…»

«እንዴታ ተጣላሁት! አንድ ክንድ መሬቴን በልቷል!» ዓይናቸው ውኃ ሞላ። «እግዜር ነፍሱን ይማረውና፣ በልቷል!»

«ገደሏቸው?»

ይህንን በዝግታ ነበር ያልኩት፤ ግን ሰሙት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ አንስተው፣ ባዶ መሆኑን አይተው፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ከመሮ ጋር ያልተጣላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም» አሉ። «ነገ ከማን ጋር ነው የምጣላው?»

ሳጅኗ ስንወጣ «ይሄ ሰውዬ ነው» አለች። እኔም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አስቤ ነበር። ሐኪሙ ነው ሐሳባችንን ያፈረሰው።

*

«ንጋት የምትሉትን እርሱት» አለ ሐኪሙ በማግሥቱ ጠዋት፣ እጁን እየታጠበ። «ሰውየው የሞቱት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እኩለ ቀን በለው። ከከፍታ ወድቀው ጭንቅላታቸው ድንጋይ መትቷል።»

«ሌላስ?»

«መዳፋቸው። አዲስ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ። ጥፍራቸውና አፍንጫቸው ውስጥ የድንጋይ ትቢያ። ሠርተዋል፣ ኢንስፔክተር። ከመሞታቸው በፊት በደንብ ሠርተዋል።»

ከዚያ እናትየው ስለ መርፌውና ስለ እራቱ የነገሩኝን ነገርኩት። እጁን ማድረቁን አቆመ። «መርፌ ተወግተው ካልበሉ ስኳሩ በጣም ይወርዳል። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ይደክማል። ለማያውቅ ሰው የሞተ ይመስላል። አንዳንዱ እዚያው ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን ከሰዓታት በኋላ ራሱ ይነቃል።»

ይህን የመርፌውን ነገር ለእናትየው እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ወደፊትም አልነግራቸውም።

ወደ ማዕድን ጽሕፈት ቤቱ ሄደን የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ አስወጣን። ጸሐፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ያነብልን ጀመር። ቀያሹ በአራት ሰዓት ተናግሯል፣ ሕጉ ይሻሻል ብሎ። ጋሽ ሹክሹክታ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተዋል።

«ማይክሮፎን አልፈለጉም» አለ ጸሐፊው። «‹ሕጉ አይነካ፤ ከተነካ ከዓመት በኋላ ይሄ ሸለቆ ሁሉ የአንድ ኩባንያ ግቢ ነው› ብለው ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ጭብጨባው ጣሪያ ሊነቅል ነበር።»

«የጋሽ መሮ ልጅስ?»

«መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ከሁለት እስከ አስር ሰዓት ንቅንቅ አላለችም። ቃል አልተነፈሰችም። ስታለቅስ ነበር። እኛ ለሕጉ መስሎን።»

ደረጃውን ስንወርድ ሳጅኗ ቆመች። «እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ በሙሉ አዳራሽ ነበር። ታዲያ ማን ገደላቸው?»

ወደ ጉድጓዱ መንገድ ጀመርኩ። ጉድባዎቹ ትዝ ብለውኝ ነበር።

*

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይ የጉድጓዱን ምዕራባዊ ግድግዳ እስከ ታች ታበራዋለች። ወረድኩ። ትናንት አሮጌ ናቸው ብዬ እንደ አዲስ ምልምል ያለፍኳቸው ጉድባዎች ውስጣቸው ነጭ ነበር። አሮጌ ጉድባ ይጠቁራል። ጣቴን ስከት ዱቄት ይዞ ወጣ። ከሥራቸውም የድንጋዩ ፍንካች ተበትኗል።

ቆጠርኳቸው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ እየተፈራረቁ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሦስቱ የታችኞቹ ጥልቅና ንጹሕ ናቸው፤ የሠለጠነ እጅ ሥራ ነው። ከአራተኛው ጀምሮ ይጠብባሉ። ሰባተኛው ሊጀመር ብቻ ነው የተጀመረው፤ መሮው ሁለት ጊዜ አርፎበት ሦስተኛው ስቷል። ከዚያ እስከ አፋፉ ሦስት ወይ አራት ቢቀር ነው።

በየትኛውም ሌላ ቀን አንድ ጊዜ ጮክ ቢሉ ሃያ ሰው ይሰማቸው ነበር። በዚያን ቀን ሃያውም ሰው አዳራሽ ተቀምጦ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚሞት ሰው ሕግ ይከራከር ነበር። እዚያው ታች ተቀምጬ አለቀስኩ። ሳጅኗ ከላይ ሆና ስሜን ስትጠራ «መጣሁ» አልኳት።

*

ልጅቱንና ጋሽ ሹክሹክታን አፋፉ ላይ አስጠራኋቸው። ካልሲውን ከኪሴ አውጥቼ ለልጅቱ ሰጠኋት። ተረከዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ረሳሁት» አለች በመጨረሻ። «እግሩ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፤ ልመለስ ስል ሊነጋብን ሆነ።»

«እህቴ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናቷ ጮኸው ቀሰቀሷት። አባቷ ቀዝቅዟል፣ አይተነፍስም። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚያደርጉትን ስንት ዓመት ሲያስቡት ኖረዋልና ለልቅሶ ጊዜ አልነበራቸውም። አልጋ ላይ ሞተ ከተባለ የቀያሹ ችካል እስከ ረፋድ ይቆማል። ሮጣ ጋሽ ሹክሹክታን ጠራች።

«ጠላታችሁን?»

«ናዳ በወደቀ ቁጥር ልብ የሚያዳምጡት እሳቸው ናቸው። በሰፈሩ እሳቸው ሞተ ያላሉት ሰው አይቀበርም። አባዬም ቢሆን ‹ክፉ ቀን ከመጣ እሱን ጥሪ› ብሎኝ ነበር።»

ጋሽ ሹክሹክታ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። «ለእሷ ብቻ አይደለም» አሉ። «ኩባንያው እዚህ ከገባ እኔ በየት አልፋለሁ? ለራሴም ነው።»

በብርድ ልብስ ተሸክመው አመጧቸው። ቱታውን አልብሰው በገመድ አወረዷቸው፤ መዶሻውንና መሮውን ከእጃቸው አጠገብ አኖሩ። ከስብሰባው ሲመለሱ ከሰው ጋር ሆነው ሊያገኟቸው ነበር ሐሳባቸው፤ ሥራ ላይ እያሉ ልባቸው ቀጥ ያለ መስለው።

«መጨረሻ የወጣው ማን ነው?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ሹክሹክታ። «መሰላሉን መሳቤን አላወቅሁም። በእናቴ አላወቅሁም። ትናንት ተጠቅልሎ ሳየው ነው…» እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት።

ልጅቱ ቀና አለች። «ሬሳ ደብቀናል፣ ዋሽተናል፤ እሰረን። ግን ሰው አልገደልንም። አባዬ ሞቶ ነበር።»

በሙያዬ ብዙ መርዶ ተናግሬአለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ መርዶ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ዝም ልላት እችል ነበር ይሆን? መዝገቡን «ምክንያቱ ያልታወቀ አወዳደቅ» ብዬ ልዘጋው እችል ነበር ይሆን? እችል ነበር። ነገር ግን ይዞታው የእሷ ከሆነ ነገ እዚያ ጉድጓድ ወርዳ ግድግዳውን ማየቷ አይቀርም፤ የአባቷን የመሮ አያያዝ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ብቻዋን ሆና እንድታገኘው አልፈለግሁም።

«እህቴ» አልኳት፣ «አባትሽ የሞቱት እኩለ ቀን ላይ ነው።»

አልገባትም። ከዚያ ገባት። መሰላሉን ፈታች፣ ጣለችው፣ ወረደች። ሳጅኗ ልትከተላት ስትል ያዝኳት። ከላይ ሆነን እናያታለን፤ መዳፏን አንደኛው ጉድባ ላይ አኖረች፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ። መሰላሉን እየወጣች እያንዳንዱን ነካችው። ሰባተኛው ጋ ስትደርስ ግንባሯን አለቱ ላይ አሳረፈች። አልጮኸችም። ጩኸቷን ትናንት ለውሸት አውጥታው ነበር።

«ምንድን ነው? ምን አየች?» አሉ ጋሽ ሹክሹክታ። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መሰለኝና ልደግምላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ያዳመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ በሹክሹክታ ነበር። «ልቡን ሁለት ጊዜ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። እኔ እኮ አሁን ማንንም አልሰማም። ይሄን ለሰው መናገር አፍሬ…»

*

ያየሁትን ሁሉ መዝገቡ ላይ ጽፌ ለዐቃቤ ሕግ ላክሁ። ጋሽ ሹክሹክታ ቃላቸውን ሰጥተው፣ «ለመሮ ስትል እሰረኝ» ብለው ከጣቢያው አልሄድም አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው። በዚያው ሳምንት ስብሰባው ከተቋረጠበት ቀጠለ። ይቆይ ያሉትም ይሻሻል ያሉትም የጋሽ መሮን ስም እያነሱ ተናገሩ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። እኔን ሐሳብ ስጥ ብለውኝ ተነስቼ፣ ሰው የሚሞትበትን ቦታ የሚመርጥ ሕግ ለማንም አይበጅም ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም አላጨበጨበም።

አሮጌው ሕግ ግን በዚያ ቀን ገና አልተነካም። ጉድጓድ ውስጥ ማን አስገባው፣ እንዴት ገባ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መልሱንም ወራሽ በገዛ አንደበቱ መስጠት አለበት። ልጅቱ አልሄድም ብላ ነበር። እናቷ ናቸው «አባትሽ የለፋበትን» እያሉ የላኳት። እኛ ዘንድ የቀረውን የአባቷን የመኝታ ልብስ ልትወስድ ጣቢያ መጥታ ስለነበር፣ አብሬያት ሄድኩ።

ጸሐፊው መነጽሩን አወረደ፤ ቅጹን ዘረጋ።

«ሟች ሕይወታቸው ባለፈበት ሰዓት በይዞታው ላይ በሥራ ላይ ነበሩ?»

ይህችን መልስ ስንት ዓመት አጥንታታለች። እናቷ አስጠንተዋታል፣ አባቷ ራሳቸው አስጠንተዋታል፤ ሰው ፊት ሳይርበተበቱ የሚሏት አንዲት ውሸት ነበረች። ውሸት ሆና ብትቀርላት ኖሮ መሬቱን ከእነ ድንጋዩ ትሰጥ እንደነበር ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«ነበረ» አለች።

«ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ደረጃ ሲቆርጥ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ጠበቃት። «ስንት? ቅጹ የሥራውን መጠን ይጠይቃል።»

«ስድስት» አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ሰባት ብለህ ጻፍልኝ። ሰባተኛውን ጀምሮት ነበር።»

ሰባት ብሎ ጻፈ። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ አልነበረም፤ ጸሐፊው ከሌላው ቢሮ አምጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅነው።